ላሜራ መጠቅለያውን ገና አይግዙ፦ ለነፋስ ኃይል ሥራ መዘጋጀት ለሚፈልግ የገላን ወርክሾፕ

ጥያቄው

«ገላን ውስጥ 14 ሠራተኞች ያሉት የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለን። በር፣ መስኮት፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ ሲገኝም የመጋዘን ጣሪያ ተሸካሚ ብረት (ትራስ) እንሠራለን። ሁለት የሲኦቱ (በጋዝ የሚሠራ) ብየዳ ማሽን፣ አራት የኤሌክትሮድ ማሽንና አንድ ቶርኖ አለን። አበርዲን የሚኖር የአክስቴ ልጅ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የነፋስ ተርባይን ሥራ እየሰፋ ስለሆነ ከአሁኑ ተዘጋጁ ይለናል። ባንክ ለከባድ ላሜራ መጠቅለያ (ሮሊንግ) ማሽን ሊዝ ሊፈቅድልን ነው። ያዋጣናል? ከየት እንጀምር? እሱንስ ምን እንዲያደርግልን ልጠይቀው?»

ምላሹ

የሊዙ ውል ላይ ገና ካልፈረሙ አይፈርሙ። ተንሳፋፊውን አካል ገላን ላይ ሠርቶ መሸጥ አይሆንም። ከነፋስ ኃይል ሥራ ግን የእርስዎን የመሰለ ወርክሾፕ ገበያ ሊያገኝ ይችላል፤ የሚያገኘውም ሮሊንግ ማሽን በማይጠይቀው ክፍል ነው። ለምን እንደሆነ ከመጠኑ እንጀምር።

የባሕሩ ጥልቀት እስከ 60 ሜትር ገደማ ሲሆን ተርባይኑ የሚቆመው ከባሕሩ ወለል ጋር በተተከለ ብረት ላይ ነው። ከዚያ ሲጠልቅ የሚተከለው ብረት ወጪው አይቻልም፤ ስለዚህ ተርባይኑ ተንሳፋፊ አካል ላይ ይቆምና በሰንሰለትና በመልሕቅ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከስኮትላንዷ ፒተርሄድ ወጣ ብሎ ሥራ የጀመረው ሃይዊንድ ስኮትላንድ በዓይነቱ የመጀመሪያው ማመንጫ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 6 ሜጋ ዋት የሆኑ አምስት ተርባይኖች አሉት። አንዱን ተርባይን የሚሸከመው የብረት ሲሊንደር ርዝመቱ 90 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከ14 ሜትር በላይ ነው። ሲሊንደሮቹ ስፔን ውስጥ ተበይደው፣ ወደ ኖርዌይ በባሕር ተጉዘው፣ እዚያ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ተርባይኑ ከተገጠመላቸው በኋላ እየተጎተቱ ስኮትላንድ ገቡ። የአክስትዎ ልጅ ባለበት አበርዲን ፊት ለፊት ያለው ኪንካርዲንም ያው ነው፤ 9.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት አምስት ተርባይኖቹ ሦስት ግዙፍ አምዶች ባሉት ተንሳፋፊ ላይ ቆመዋል። የኖርዌዩ ሃይዊንድ ታምፐን ደግሞ ለ11 ተርባይኖቹ ብረቱን ትቶ ኮንክሪት መረጠ።

እነዚህ ነገሮች የሚሠሩት ጥልቅ ውኃ ካለው የወደብ ዳርቻ አጠገብ ነው፤ መንገድ ስለማይችላቸው። ከገላን ተነሥቶ ባሕር የሚሻገር ዕቃ 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ መግባት አለበት፤ የውስጥ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 2.35 ሜትር ነው። ባንኩ የሚያበድርዎት ማሽን የሚጠቀልለው ከባድ ሲሊንደር ደግሞ ከዚህ ወርድ በታች ሲሆን ለተንሳፋፊው ዋና አምድ አይሆንም፤ ከዚህ በላይ ሲሆን መንገድ የለውም። በዚያ ላይ ላሜራው ራሱ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ነው። ገብቶ፣ ተሠርቶ፣ ተመልሶ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የማጓጓዣ ይከፈልበታል። እዚያው ወደብ አጠገብ ካለ ወርክሾፕ ጋር በዋጋ መወዳደር በዚህ ሒሳብ አይታሰብም።

ሥራው ባለበት አገር ትንንሾቹ ድርጅቶች እንዴት እንደሚዘጋጁ ማየት ግን ይጠቅማል። ብሪታንያ ውስጥ ለባሕር ላይ ታዳሽ ኃይል ብቁ አቅራቢ ለመሆን የሚያግዝ ፕሮግራም አለ። ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ለገባ ድርጅት ማሽን አይሰጠውም። ባለሙያ መጥቶ አሠራሩን ይመረምራል፦ ጥራት እንዴት ይቆጣጠራል፣ ስህተት ሲገኝ ምን ይመዘገባል፣ የሠራተኛው ደኅንነት እንዴት ይጠበቃል፣ አለቃው በሌለበት ሥራው እንዴት ይሄዳል። ክፍተቱን ሞልቶ ሲጨርስ እንደገና ይመረመራል። ይህን ለማድረግ ባሕር አያስፈልግም፤ ገላን ላይ ነገ መጀመር ይቻላል።

አሁን ወደ ቅርቡ ገበያ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው፤ የሁሉም አቅም 1.5 ሜጋ ዋት ነው፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 ሥራ ስለጀመሩ ዛሬ የጥገና ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ከእርስዎ በር በፈጣን መንገዱ የአንድ ሰዓት ጉዞ ያህል ቢሆኑ ነው። በአዳማና በአሰላ መካከል ያለው የአሰላ ፕሮጀክት 29 ተርባይኖች፣ 100 ሜጋ ዋት ነው። በሶማሌ ክልል አይሻ አለ፣ ከመቀሌ አጠገብ 84 ተርባይኖች ያሉት አሸጎዳ አለ፣ ድንበር ተሻግሮ ደግሞ የጅቡቲው ጉቤት 17 ተርባይኖች አሉት። ሁሉም የብስ ላይ የቆሙ ናቸው። ከአንድ ሰገነት፣ ከአንድ መሰላል፣ ከአንድ የኬብል መደርደሪያ የሚጠበቀው ማስረጃ ግን እዚህም እዚያም ዓይነቱ አንድ ነው፤ ባሕሩ የሚጨምረው ጥብቀት ነው።

ደንበኛዎ ማን እንደሆነ ቀድመው ይለዩ። በግንባታ ጊዜ የሚገዛዎት የማመንጫው ባለቤት አይሆንም፤ ዋናው ተቋራጭ ወይም ከሥሩ የሲቪሉን ሥራ የያዘው ድርጅት ነው። የሚገዛው ሰው ፕሮጀክቱ ካምፕ ውስጥ ያለ የግዥ ሠራተኛ ነው፤ ቢሮው የጨረታ ማስታወቂያ ላይወጣበት ይችላል፣ በፕሮፎርማ ነው የሚገዛው። ግንባታው አልቆ ርክክብ ከተደረገ በኋላ ግን ገዢው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወይም በጥገና ውል ላይ ያለው የተርባይኑ አምራች ይሆናል፤ ያኔ በመንግሥት ግዥ ሥርዓት መመዝገብ ግድ ነው።

ከእርስዎ አቅም ጋር የሚሄዱት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ከማማው በር ፊት ያለው የውጭ ደረጃና መቆሚያ፣ የኬብል ቦይ ክዳን፣ የኬብል መደርደሪያና መያዣ፣ የትራንስፎርመር ማስቀመጫ ፍሬምና አጥር፣ የዕቃ ማጓጓዣ ቋትና ማንሻ ያልሆነ መደገፊያ፣ የፌሮ ቅርጫት። የመሠረቱ መልሕቅ ብሎኖች የሚሰደሩበት ቀለበትም በሥዕል ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በእሱ ግን አይጀምሩ። ቀለበቱ ላይ ከመቶ በላይ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፣ ቀዳዳዎቹ በሚሊ ሜትር ከተዛነፉ የማማው ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰረው የግርጌ ቀለበት) አይገባም፤ ስህተቱ የሚታወቀው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ነው። ማንሻ ጆሮና ክሬን የሚይዘው ነገር ሁሉም እንዲሁ ለኋላ ይቆይ። የውጭ ደረጃው ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ አንድ ዓይነት ሆኖ በብዛት ይፈለጋል፣ ቢበላሽም ተመልሶ ይሠራል፣ ሰው አይገድልም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ 30 ደረጃ ቢታዘዙ ምን ይጠበቅብዎታል?

በእኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በዚህ ሥራ ለብረት ይቆጠራል። ላሜራው የቀለጠበት ምድብ ቁጥር አለው፤ ሂት ነምበር ይሉታል። ከላሜራው ጋር የሚመጣው የፋብሪካ ሰርተፊኬት (ገዢው «ሦስት ነጥብ አንድ» ብሎ የሚጠይቅዎት) ያንን ቁጥር፣ የብረቱን ኬሚካላዊ ይዘትና ሲጎተት የቻለውን ኃይል ይናገራል። ከመርካቶ በኪሎ የሚገዛ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ይህ ወረቀት የለውም፤ ወይም ፎቶ ኮፒ ይሰጥዎትና ቁጥሩ ከላሜራው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ላሜራው ከመኪና ሳይወርድ በወረቀቱ ላይ ያለውንና በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ያስተያዩ። ካልገጠመ አያውርዱ፤ ከወረደ በኋላ የሚመልስልዎት የለም።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የሚጠፋው እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው። ላሜራው ሲቆረጥ ቁጥሩ ያለበት ጥግ ለአንዱ ቁራጭ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ስም አልባ ይሆናሉ። ደንቡ፦ ከመቁረጥ በፊት ቁጥሩ ወደ እያንዳንዱ ቁራጭ ይገለበጣል፣ የገለበጠውም ሰው በመቁረጫ ዝርዝሩ ላይ ይፈርማል። በቀለም ማርከር ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ዕቃው እንዳይዝግ ዚንክ ሊነከር ሲሄድ ማጽጃው አሲድ ያጥበዋል። በፊደል መምቻ ይመቱት፣ ወይም የተመታ የብረት መለያ በሽቦ ይሰሩለት። ትራፊ ብረት ቁጥሩ ካልተገለበጠበት ለበርና ለመስኮት ይሂድ፤ ከነፋስ ሥራው መደርደሪያ ጋር አይቀላቀል። ብዙ ወርክሾፕ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩ ትራፊ መጣል ያስቆጫል።

ብየዳው ሦስት ወረቀት ይፈልጋል። አንደኛው የብየዳ አሠራር መመሪያ ነው፦ የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ የጠርዙ ቅርጽ፣ ኤሌክትሮዱ፣ አምፔሩ፣ የብየዳው አቅጣጫ። ሁለተኛው ያ መመሪያ እንደሚሠራ በሙከራ የተረጋገጠበት ነው፤ በአይኤስኦ 15614 መሠረት አንድ የሙከራ ላሜራ ተበይዶ ይጎተታል፣ ይታጠፋል፣ ተቆርጦ በአሲድ ይታያል። በ12 ሚሊ ሜትር ላሜራ ያለፈ ሙከራ ከ3 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ላለው ይሸፍንልዎታል፤ ስለዚህ የሙከራውን ውፍረት አስበው ይምረጡ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ሠርተው በኋላ 20 ቢመጣብዎት ሁለተኛ ይከፍላሉ። ሦስተኛው የበያጁ ምስክር ወረቀት ነው፣ አይኤስኦ 9606። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ላሜራ ከላሜራ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ የተፈተነ በያጅ በጥግ ብየዳ እንደተፈተነ አይቆጠርም። የደረጃና የመቆሚያ ሥራ ደግሞ አብዛኛው የጥግ ብየዳ ነው። ጥጉን ያስፈትኑ። ወረቀቱ በየ6 ወሩ፣ ሰውየው በዚያው ዘዴ እየበየደ ስለመሆኑ የቀጣሪው ፊርማ ካላረፈበት ዋጋ ያጣል፤ ይህን ፊርማ የሚረሳ ወርክሾፕ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጥል ማየት ያሳዝናል።

ከ14ቱ ሠራተኞችዎ ሁለት ወይም ሦስት በያጆችን ብቻ ያስፈትኑ። ሁሉንም ማስፈተን ብክነት ነው፣ አንዱን ብቻ ማስፈተን ደግሞ ሌላ ቤት ሲቀጥረው ባዶ እጅዎን ያስቀራል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የትኛው ፈታኝ አካል የፈረመውን ወረቀት እንደሚቀበል ገዢውን በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዳንዱ የአሜሪካውን የብየዳ ደንብ ይመርጣል፣ አንዳንዱ የአውሮፓውን ብቻ ይቀበላል። የመለኪያዎችዎን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥልዎት የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት፣ የናሙና ፍተሻ ደግሞ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው።

ለበር የሚበየድበት 6013 ኤሌክትሮድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወፈር ያለ ኤስ 355 (ጠንካራ የግንባታ ብረት) በ7018 ኤሌክትሮድ ነው የሚበየደው፤ ይህ ኤሌክትሮድ ግን እርጥበት ከያዘ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል። እርጥበቱ ሃይድሮጅን ሆኖ ብየዳው ውስጥ ይገባል፣ ዕቃው ቀዝቅዞ ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ፣ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ፓኬቱ ከተከፈተ አምራቹ በሚለው መሠረት ከ300 እስከ 350 ዲግሪ አንድ ሁለት ሰዓት ይጋገር፣ ከዚያ ከ120 ዲግሪ በላይ በሚይዝ ሳጥን ይቀመጥ፣ በያጁም የሚይዘው በሚሞቅ ኮሮጆ ይሁን። ደግሞ ደጋግሞ መጋገርም ሽፋኑን ያረግፈዋል። የሲኦቱ ማሽኖቹ ፈጣን ናቸው፤ ጠላታቸው ነፋስ ነው፤ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ነፋስ ካለ ጋዙ ይበተንና ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ግድግዳ በሌለው ሼድ ስር በበጋው የከሰዓት ነፋስ ያለ መጋረጃ አይበይዱ። (የነፋስ ኃይል ዕቃ በነፋስ ምክንያት ሲወድቅ ማየት አሽሙር ይመስላል፣ ግን የተለመደ ነው።)

ዚንኩ ቀጥሎ ይመጣል። ዕቃው 450 ዲግሪ ገደማ በሆነ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። የተዘጋ ቱቦላሬ ካለበት በውስጡ ያለው አየርና እርጥበት ይፈነዳል፤ ሠራተኛ ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቱቦላሬ በሁለቱም ጫፍ፣ በሰያፍ አቅጣጫ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ቀዳዳ ይኑረው፤ ትልልቁ ቱቦ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ሥዕሉ ላይ መሳል ያለበት ነው፣ ዚንክ ቤት ደርሶ በችቦ የሚበሳ አይደለም። ሥዕሉን ሳይጨርሱም የገንዳውን ርዝመትና ጥልቀት ይጠይቁ። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ብረት የሽፋኑ አማካይ ውፍረት ቢያንስ 85 ማይክሮን፣ በየትኛውም ቦታ ደግሞ ከ70 ማይክሮን ያላነሰ መሆን አለበት። ብረቱ ውስጥ ያለው ሲሊከን ከ0.03 እስከ 0.14 በመቶ መካከል ከሆነ ዚንኩ ያለ ልክ ይወፍራል፣ ግራጫና ሻካራ ሆኖ ሲመታ ይላጣል። ይህ የዚንክ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ብረቱ ሲገዛ ሰርተፊኬቱ ላይ ሊታይ ይችል የነበረ ቁጥር ነው።

ቀለም የሚጠየቁ ከሆነ ከፍታዎን አይርሱ። ገላን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ክብደት ወደ 80 በመቶ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው አቅም በዚህ ከፍታ የሚሰጠው ያነሰ አየር ነው፤ ናፍጣ ጄኔሬተርም እንዲሁ ይደክማል። ከቀለም በፊት ብረቱን ለሚያጸዳው የአሸዋ ንፊያ 8 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ በ7 ባር ወደ 4 ሜትር ኩብ በደቂቃ፣ 10 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ5.5 በላይ ይበላል፤ አፈሙዙ ሲያረጅ ይሰፋና የበለጠ ይበላል። ወረቀቱ ላይ ልክ የሚመስል ኮምፕሬሰር ግፊቱ ይወርድበታል፣ ብረቱ ነጭ መስሎ ሳይጸዳ ይቀራል፣ ቀለሙም ከዓመት በኋላ በቅርፊት ይነሣል። በክረምት ደግሞ የላሜራው ሙቀት ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀቡ፤ ማለዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ለባሕር ላይ ዕቃ ደንቡ ሦስት እርከን፣ በድምሩ ቢያንስ 280 ማይክሮን ይጠይቃል። በአንቲሩጂንና በአንድ እጅ ቀለም የለመደ ቤት መጀመሪያ የውፍረት መለኪያ መግዛት አለበት።

ዕቃው ሲጫን ፋይሉ አብሮ ይጫናል፦ የብረቱ ሰርተፊኬት፣ የትኛው ብየዳ በማን እንደተበየደ የሚያሳይ ሥዕል፣ የዓይንና የመሣሪያ ፍተሻ ውጤት፣ የዚንክ ውፍረት ንባብ፣ የተገኘው ስህተትና የተስተካከለበት መንገድ። ይህንን ፋይል በመጨረሻው ሳምንት ለመሰብሰብ የሚሞክር ቤት ይዋሻል፤ ፈታሾቹም ያውቁታል፤ ሠላሳ ገጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ሲሞላ ያስታውቃላ። አንድ ጸሐፊ ይቅጠሩ፤ ከሮሊንግ ማሽን ይልቅ የመጀመሪያው ኢንቨስትመንት ይኸው ነው። የብየዳ ሥራ የምታውቅ የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ ብትሆን ይመረጣል። ደመወዟን ከምርት ኃላፊው ሳይሆን በቀጥታ ከእርስዎ ትቀበል፣ ዕቃ እንዳይወጣ የማስቆም ሥልጣንም ይኑራት።

ስለ ገንዘቡ በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሩ የእርስዎ አይደለም፣ ቅርጹ ግን የእርስዎ ነው። ያለ ቫት የ3,000,000 ብር ውል ቢይዙ፤ ብረት 1,650,000፣ ጉልበትና ኤሌክትሪክ 450,000፣ ዚንክ 240,000፣ ፍተሻና ወረቀት 120,000፣ ማጓጓዣ 60,000፤ በድምሩ 2,520,000 ብር ይወጣል። ትርፉ 480,000 ይመስላል። ቅድመ ክፍያ 30 በመቶ ቢሰጡዎት 900,000 ነው፣ እሱንም የሚሰጡት በባንክ ዋስትና ነው። ስለዚህ ዕቃው እስኪደርስ 1,620,000 ብር ከራስዎ ይወጣል። ካስረከቡ በኋላ 60 ቀን ጠብቀው 1,800,000 ያገኛሉ፤ 10 በመቶው፣ 300,000 ብር፣ የዋስትና ጊዜው እስኪያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ እነሱ ዘንድ ይቀራል። በእጅዎ የገባው ትርፍ 180,000 ብቻ ነው ማለት ነው። ከአሥር ደረጃ አንዱ ተመልሶ ቢሠራ የአንድ አሥረኛው ብረት፣ ጉልበትና ዚንክ 234,000 ብር ይበላል። ያኔ በዓመቱ ውስጥ ከኪስዎ እየከፈሉ ነው የሠሩት። በዚህ ላይ ወርሃዊ የሊዝ ክፍያ ቢጨመር ምን እንደሚሆን እርስዎ ይገምቱ።

ዋጋ ሲሰጡም የብረት ነጋዴው ፕሮፎርማ ለሳምንት ብቻ የጸና ሆኖ ሳለ የእርስዎ ዋጋ 60 ወይም 90 ቀን እንዲጸና ይጠየቃሉ። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ክፍተት ብቻውን ውል ያከስራል። የብረቱ ዋጋ ከተወሰነ በመቶ በላይ ከተንቀሳቀሰ እንዲስተካከል የሚል አንቀጽ ይጠይቁ፤ ከከለከሉዎት ቅድመ ክፍያው በገባ ማግሥት ሙሉውን ብረት የሚገዙበትን መንገድ ከነጋዴው ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

ስለ ጥገናው በአጭሩ። አዳማ ላይ ያሉት ተርባይኖች ደረጃ፣ ክዳን፣ በርና መያዣ ይፈልጋሉ፤ ይህንን ወርክሾፕ ሠርቶ ማቅረብ ይቻላል። ማማ ላይ መውጣት ግን ሌላ ሙያ ነው፤ የዓለም አቀፉ የነፋስ ኃይል የደኅንነት ሥልጠና (የከፍታ ሥራ፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ እሳት፣ ዕቃ አነሣሥ) ይጠይቃል፣ ወረቀቱም በየ24 ወሩ ይታደሳል። ባሕር ላይ ለሚሠራ የባሕር ሕይወት ማዳን ይጨመርበታል። ደግሞም ማንም ቢለምንዎት ማማው አካል ላይ አንዲት መያዣ እንኳ ያለ አምራቹ ጽሑፍ አይበይዱ። ማማው ዕድሜውን ሁሉ ይወዛወዛል፤ ትንሿ ብየዳ ስንጥቅ የሚጀምርባት ቦታ ትሆናለች። ተርባይኑ ውስጥ ለመበየድ ከተፈቀደም የመሬት መቆንጠጫው ከሚበየደው ብረት ጎን ይታሰር፤ ራቅ ካለ የብየዳው ጅረት በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ይጠቃቅሳቸዋል።

ባንኩ ማበደር ከፈለገ ጥያቄውን ይቀይሩት፦ ባንድ መጋዝ (የብረት መቁረጫ)፣ የኤሌክትሮድ መጋገሪያና ማቆያ፣ የብየዳ መለኪያዎች፣ የዚንክና የቀለም ውፍረት መለኪያ፣ በግራይንደር ጠርዝ ማሳመሩን የሚያስቀር የጠርዝ መላጫ፣ የሼዱ ግድግዳ፣ የሥራ ማስኬጃም። ድምሩ ከሮሊንግ ማሽኑ በእጅጉ ያንሳል።

የአክስትዎን ልጅ ደላላ እንዲሆንልዎት አይጠይቁት። ሦስት ነገር ግን ሊያደርግልዎት ይችላል። እዚያ ያሉ ትልልቅ ተቋራጮች አዲስ አቅራቢን የሚያስሞሉትን መጠይቅ ባዶውን ይላክልዎት፤ ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ያንን መጠይቅ ወርክሾፕዎ ውስጥ ቁጭ ብለው ሳይዋሹ ይሙሉት፤ «የለንም» ያሉበት መስመር ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት የሥራ ዕቅድዎ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የናሙና ደረጃዎች ከነፋይላቸው ሠርተው ሲጨርሱ፣ ፋይሉን ስካን አድርገው ይላኩለትና እዚያ የብየዳ ፍተሻ ለሚሠራ ወዳጁ ያሳየው፤ በቀይ እስክሪብቶ ይመለስልዎት። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ስልክና ጫማ ከሚያጭቅ የጥግ ብየዳ መለኪያ ስብስብ ያምጣልዎት፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም።